ፈረሳችን ከሰማይ ሲታይ

ባለፈው ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ የተደረገውን የፈረስ በዓል ከመካከላችን ያላየው ጥቂት ነው። በሜዳው ያልተገኘ እንኳ በማግሥቱ በስልኩ ተመልክቶታል። እኔ በሜዳው ቆሜ ካየሁት በኋላ በስልክም ደግሜ አየሁት፤ ይህንንም ለመጻፍ የተነሣሁት በሁለቱ መካከል ባገኘሁት ልዩነት ምክንያት ነው።

አጎቴ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄጄ የተነሣውን ቪዲዮ አሳየኋቸው። በድሮን የተቀረጸ ነው፤ ጥራቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ሜዳው እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ፣ ፈረሰኛው በረድፍ ሲጎርፍ፣ አቧራው ሲነሣ፣ ከላዩም አንድ ዘመናዊ ዘፈን ሲንቆረቆር ይታያል፣ ይሰማል። አጎቴ ስልኩን መጀመሪያ ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፤ ቀጥሎ አራቁት። ከዚያም በአውንጊ «እኔ የትኛው ነኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ላሳያቸው አልቻልሁም። ከላይ ሲታይ ሰው ሁሉ ነጠብጣብ ነው። ጥቂት ዝም ብለው «ዳማዬስ?» አሉ። ዳማውንም አላገኘነውም። ስልኩን መለሱልኝና ስለ ድንች ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

ይህን ለጓደኞቼ ባወራሁ ጊዜ የተቀበሉኝ በሳቅ ነው። አንደኛው «ቱሪስት ይስባል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። ሁለተኛው «ፊልም መዝናኛ ነው፤ አንተ ሁሉን ነገር የፈተና ጥያቄ ታደርገዋለህ» ሲል ወቀሰኝ። ሦስተኛው፥ በእውነቱ ያናደደኝም እርሱ ነው፥ «የፊልም ቲዎሪ የሚባለው የፈረንጅ ሥራ ፈትነት ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ለሦስቱም ዕዳ አለብኝ፤ ይበልጡን ግን ለሦስተኛው።

የተወለድሁት ዳንግላ ነው። ልጅ ሳለሁ ከገበያው በስተኋላ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ፤ ግድግዳውና ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሱሪ የሚቀድድ። በ1 ብር ሁለት ፊልም ይታይ ነበር፤ አንዱ የሕንድ፣ ሌላው የአሜሪካ። በሕንዱ እናለቅሳለን፤ በአሜሪካው እናጨበጭባለን። የአሜሪካው ወታደር በአንድ የማይታወቅ የአፍሪካ አገር ገብቶ ሰዉን በመትረየስ ሲያጭደው የምናጨበጭበው እኛ ነበርን። ከወደቁት መካከል የአጎቴን መልክ የሚመስል መኖሩን ልብ ያለ ልጅ አላስታውስም። ቆይቼ እንደሰማሁት፣ ኃይሌ ገሪማ በጎንደር ስላሳለፈው ልጅነቱ ሲናገር ይህንኑ የመሰለ ነገር ይናገራል፤ ታርዛንን በሲኒማ ሲያዩ እርሱና ጓደኞቹ የሚወግኑት ለታርዛን ነበር፤ አፍሪካውያኑ ከኋላው በመጡበት ጊዜ እየጮኹ ያስጠነቅቁት ነበር። በእርሱ ጎንደርና በእኔ ዳንግላ መካከል ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አለ፤ ጩኸቱ ግን አንድ ነው።

የዳንግላው ቪዲዮ ቤት ዛሬ የእንግሊዝ ኳስ ያሳያል። ሲኒማ ቤታችን ከዚያ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽም ወደ ስልክ ተዛውሯል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ወራት፣ አንድ ፍላሽ በአምስት ዶርም ይዞር እንደነበረ የሚያስታውስ ብዙ ነው። የኮሪያ ተከታታይ ፊልም፣ በአማርኛ የሚተረክ ትርጉም ፊልም፣ ቦክሰኛ፣ ሽፍታ፣ ዞምቢ፤ ሁሉንም አየነው። ያን ያህል ፊልም ያየ ተማሪ ካየው ፊልም ስለ አንዱ እንኳ ለአሥር ደቂቃ ሲከራከር አልሰማሁም። ስለ አርሰናል ግን ሌሊቱን ሙሉ እንከራከራለን፤ ያውም በሥርዓት፣ ማስረጃ እየጠቀስን፣ የተጫዋቹን አቋቋም እየተነተንን። እንግዲህ የመተንተን ችሎታ የለንም ማለት አይቻልም። ሌላ ቦታ አውለነዋል እንጂ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጓደኛዬ ልመለስ። ቲዎሪ የፈረንጅ ነው ላለኝ አንድ ስም እጠራለታለሁ፤ ተሾመ ገብርኤል። በመስከረም 1932 ዓ.ም. በጢቾ የተወለደ፣ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲኒማ ያስተማረ፣ በሰኔ 2002 ዓ.ም. ያረፈ ኢትዮጵያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመው ስለ ሦስተኛው ሲኒማ የሚናገረው መጽሐፉ በዓለም የፊልም ትምህርት ቤቶች የሚነበብ ነው። «ሦስተኛው ሲኒማ» የሚለውን ስም ያወጡት ፈርናንዶ ሶላናስና ኦክታቪዮ ጌቲኖ የተባሉ አርጀንቲናውያን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጡት ጽሑፍ የሆሊውድን የንግድ ፊልም አንደኛ፣ የግለሰቡን ሠዓሊ መሰል ዲሬክተር ፊልም ሁለተኛ፣ ሕዝብ ለነጻነቱ የሚሠራውን ሦስተኛ ብለው ለዩ። ይህን ሐሳብ ከፍራንትዝ ፋኖን ትምህርት ጋር አዋሕዶ ወደ ሙሉ የሂስ ዘዴ ያሳደገው ግን የጢቾው ልጅ ነው። እኛ ስሙን አናውቀውም። ያለማወቃችንን ደግሞ «ፈረንጅ» በሚል ቃል እንሸፍነዋለን።

ተሾመ የሦስተኛውን ዓለም ፊልም በሦስት ደረጃ ከፍሎ ያየዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ፊልም ሠሪው የሆሊውድን መንገድ እንዳለ ይቀዳል፤ ታሪኩም አኳኋኑም የተዋሰው ነው፤ ዓላማውም ማዝናናት ብቻ ይሆናል። በሁለተኛው ደረጃ ወደ ራሱ ይመለሳል፤ የአገሩን ታሪክ፣ ባሕል፣ ተረት፣ ገጠር ያስታውሳል። በሦስተኛው ደረጃ ፊልሙ የሕዝቡን ኑሮ ከነትግሉ፣ በሕዝቡ ዓይን ያሳያል፤ የሕዝቡም መሣሪያ ይሆናል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። የእኔን ቀልብ የሳበው ግን በሁለተኛው ደረጃ ላይ ያስቀመጠው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ወደ ባሕል መመለስ በራሱ ጽድቅ አይደለም፤ ያለፈውን ያለ ምርመራ መቀበልና ከልክ በላይ ማቆንጀት የዚህ ደረጃ ወጥመድ ነው ይላል።

የጥር 23ቱ ቪዲዮ ከዚህ ወጥመድ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሆሊውድን አልቀዳም፤ ፈረሳችንን ነው ያሳየው። ይሁን እንጂ ፈረሱን ያሳየው ከኑሮው ነጥሎ ነው። በአዊ ደጋ ፈረስ የበዓል ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ፈረስ ተጠምዶ ያርሳል። ፈረስ ጋሪ እየጎተተ ከሰልና ድንች ያመላልሳል። ሙሽራ ያጅባል፤ ሰው በሞተ ጊዜ ለቅሶ ይደርሳል። ማኅበሩ ራሱ የአድዋን ዘመቻ ፈረሶች በማሰብ የሚዘከር ሲሆን፣ አባላቱ የተጣላ ያስታርቃሉ፤ የተቸገረ ይረዳሉ። ከድሮኑ በስተታች ይህ ሁሉ አለ፤ ከድሮኑ ውስጥ ግን አንዱም የለም። የኮቴው ድምፅ እንኳ በዘፈኑ ተውጧል።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ ሊያፋጥጠኝ ይችላል። ተሾመ ራሱ የሦስተኛው ዓለም ፊልም ሰፊ ሥዕል እንደሚመርጥ፣ የአንድን ሰው ፊት ብቻ አጉልቶ ማሳየት ግለሰቡን ከማኅበሩ እንደሚነጥል ጽፏል፤ በቃል ባሕል ያደገ ሕዝብ ከጊዜ ይልቅ ቦታን ያስበልጣል ይላል። ታዲያ ከድሮን የሰፋ ሥዕል ከየት ይመጣል? በዚህ ጥያቄ ብዙ ቀን ተቸግሬአለሁ። ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ተሾመ የሚለው ሰፊ ሥዕል ሰውየውን ከመሬቱ ጋር የሚያሳይ ነው፤ ካሜራው የቆመው ሰውየው በሚቆምበት መሬት ላይ ነው፤ ዳገቱን ሲወጣ ከእርሱ ጋር ትደክማለህ። ድሮኑ ግን ከማንም ጋር አይቆምም። በሜዳው ከነበርነው መካከል ፈረሱን ከዚያ ላይ ሆኖ ያየ ሰው አንድም የለም፤ ስለዚህ የሚታየው ሥዕል የማንም ትዝታ አይደለም። አጎቴ የጠየቁኝ ፊታቸው ጎልቶ እንዲታይ አይደለም። ከፈረሰኛው መካከል ቦታቸውን እንዳሳያቸው ነው።

ዳንግላ በውጭ ሰው ዓይን የታየችው ዛሬ ብቻ አይደለም። ሮበርት ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ መቀመጫውን ዳንግላ ላይ አድርጎ የአገሩ ቆንስል ሆኖ ሲሠራ ጣናንና ዓባይን እየዞረ መረመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1936ም ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ። የመጣው ለማን ጥቅም እንደሆነ መናገር አያሻም። ቢሆንም እርሱ አገሩን ያየው መሬት ለመሬት እየተጓዘ፣ ወንዙን እየተሻገረ፣ መንገድ እየጠየቀ ነው። የራሳችን ልጆች ከቆንስሉ በባሰ ርቀት ሲያዩን ያሳዝናል።

በተሾመ ሐሳብ ሁሉ የምስማማ አይደለሁም። ሦስቱ ደረጃዎች እንደ መሰላል ቀጥ ብለው የቆሙ መስለው መታየታቸው አይጥመኝም፤ አንድ ሰው ጧት ሦስተኛው ላይ፣ ማታ አንደኛው ላይ ሊገኝ ይችላል፤ እኔ ራሴ እንዲህ ነኝ። ተመልካቹ ፊልም ሠሪው የሰጠውን ዝም ብሎ ይውጣል የሚለውንም ሐሳብ፥ ይህ ከተሾመ ይልቅ የጀርመኖቹ የአዶርኖና የሆርክሃይመር ነው፥ እናቴን እያሰብሁ እጠራጠረዋለሁ። እነርሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሲጽፉ ፊልምና ራዲዮ እንደ ፋብሪካ ዕቃ እየተመረቱ የሰውን አእምሮ አንድ ዓይነት ያደርጋሉ አሉ። ሐሳቡ ብዙ እውነት አለው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ይዞ ሲመጣ አርቲስቶቻችን የጮኹት ጩኸት ከዚሁ የራቀ አልነበረም። ነገር ግን እናቴ የቱርኩን ድራማ ስታይ ዝም ብላ አትቀመጥም። አማቲቱን ትሰድባለች፤ «ይህቺ እኮ የጎረቤታችን የእገሊት ቁርጥ ናት» ትላለች፤ ባልየው ሲዋሽ ከመዋሸቱ በፊት ታውቅበታለች። ቡና እየቆላች ሂስ ትሰጣለች። እኛ ዲግሪ ለመጫን የመጣነው ግን ጆሮአችን ላይ ማዳመጫ ሰክተን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን እናያለን። ከእናቴ ያነስነው በዕውቀት አይደለም፤ አብሮ በማየት ነው።

ከዚህ የተነሣ ባለፈው መንፈቅ አንድ ሙከራ አደረግን። በአንድ ዶርም ግድግዳ ላይ አንሶላ ሰቅለን፣ ፕሮጀክተር ተውሰን፣ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አሳየን። ፊልሙ የተቀረጸው በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ የዘውዱ መንግሥት ሊወድቅ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። ኃይሌ ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበረ፤ ይህን ለራሳችን ደጋግመን ብንናገረው አይጎዳንም። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ በውስጡ የሚጫወቱት የትያትር ሙያ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 በሎካርኖ የፊልም በዓል ተሸልሟል።

አሥራ አንድ ሆነን ጀመርን። በግማሽ ሰዓቱ ሰባት ቀረን። አንድ ሰው ዳገት ሲወጣ ከታች እስከ ላይ ድረስ ማየት ለለመድነው ዓይን ከባድ ነው፤ «እባክህ አሳልፈው» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። በመጨረሻ አራት ነበርን። ቢሆንም የዚያን ሌሊት ክርክር ዋጋ የሰጠው ከሄዱት አንዱ ነው። ከቋሪት የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ በር ላይ ቆሞ «ይህን ለማየት ፊልም አያስፈልገኝም፤ ለፋሲካ ቤቴ ስሄድ አየዋለሁ» አለ። ቀላል መልስ የለውም። ድካምን በደንብ የሚያውቅ ሰው በእረፍቱ ሰዓት የድካም ፊልም እይ ቢሉት የመቆጣት መብት አለው። የከተማ ልጅ የገጠርን መከራ እያየ ነፍሱ ስትጸዳ የሚሰማው ዓይነት ሲኒማ አለ፤ እኔም አልወደውም።

መልስ የሰጠችው አንዲት የሕግ ተማሪ ናት። «አንተ አባትህን አይተሃል፤ ባለርስቱን ግን አባትህ ከቆመበት ሆነህ አይተኸዋል?» አለችው። ልጁ ተመልሶ ተቀመጠ ብዬ አልዋሽም፤ ሄደ። በማግሥቱ ግን በምሳ ሰልፍ ላይ መጥቶ ባለርስቱ በመጨረሻ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርሁት፤ አእምሮውን ስቷል ተብሎ የሚናቀው ሽማግሌ ከበበ በዱላ እንደሚገድለው። «ማን አዘዘው?» አለ። ማንም እንዳላዘዘው ስነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ቀጥሎም «ለገበሬው ምን ጠቀመው?» የሚል ጥያቄ አመጣ። ይህ ጥያቄ ፊልሙ ከተሠራ ከአምሳ ዓመት በኋላ፣ መሬት ላራሹ ከታወጀ በኋላ፣ ከዚያም ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ አሁንም መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው። በምሳ ሰልፍ ላይ በሽሮ ሰሐን ፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ያስነሣ ፊልም ሥራውን ሠርቷል።

ሶላናስና ጌቲኖ «የእቶኖቹ ሰዓት» የተባለውን ፊልማቸውን እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሠሩ አገራቸው በወታደሮች አገዛዝ ሥር ነበረችና የሚታየው በድብቅ ነበር። ፊልሙ በመካከሉ ይቆማል፤ ተመልካቹ ይከራከራል፤ ከዚያ ይቀጥላል። የእኛ ስህተት ሁለት ሰዓት ተኩሉን በአንድ ትንፋሽ ለማየት መሞከራችን ነው። በየአርባ ደቂቃው ብናቆም ኖሮ የቋሪቱ ልጅ ጥያቄውን እስከ ምሳ ድረስ ባላቆየው ነበር።

አሁን ከማየት ወደ መሥራት ልለፍ። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ምን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። ገበሬው አሲዳማ የሆነውን ማሳውን ከእህል ወደ ዲከረንስ ግራር አዛወረ፤ ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ደርሶ ይቆረጣል፣ ይከሰላል፣ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይገባል። ሣር ቤት የነበረው ቆርቆሮ ለበሰ፤ የጉልበት ሠራተኛው የቀን ሥራ አገኘ፤ መሬቱም ዐረፈ ተባለ። በኋላ በዛፉ ላይ በሽታ ገባበትና አረንጓዴው ኮረብታ ቀይ ሆኖ ደረቀ። የከሰሉ ጭስ፣ ሌሊት ምድጃውን የሚጠብቀው ልጅ፣ ጆንያ የምትሰፋው ሴት፣ ደላላው፣ የደረቀው ማሳ፣ አሁን ምን እንትከል የሚለው ጭንቀት፤ ከዚህ የበለጠ የፊልም ታሪክ የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚፈልግ አይገባኝም። ከመካከላችን በዚህ ከሰል ገንዘብ ደብተር የተገዛለት ተማሪ አለ። ነገር ግን ፊልም እንሥራ ሲባል የሚመጣው ድርሰት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሀብታም ልጅ፣ ደኻ ልጅ፣ ቦሌ፣ መኪና፣ የጠፋ ስልክ።

«ካሜራ የለንም» የሚለውን ምክንያት አልቀበልም። ኩባዊው ጁሊዮ ጋርሲያ ኤስፒኖሳ እ.ኤ.አ. በ1969 «ፍጹም ያልሆነ ሲኒማ» ብሎ በጻፈው ጽሑፍ፣ በቴክኒክ ፍጹም ሆኖ ባዶ ከመሆን ጉድለት ያለበትና እውነት የያዘ ይሻላል የሚል ክርክር አንሥቷል። በኪሳችን ያለው ስልክ ኃይሌ በ1966 ዓ.ም. በተሸከመው የ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ላይ ከነበረው ብዙ ነገር የተሻለ ነው፤ ፊልሙ አይገዛም፣ አይታጠብም፣ ወዲያው ይታያል። የጎደለን ዕቃ አይደለም፤ ከሰል ምድጃ አጠገብ ሌሊቱን የማደር ትዕግሥት ነው። ይህን ስል ከራሴ ጀምሬ ነው። ባለፈው ዓመት ፋግታ ሄጄ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀርጬ፣ ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለው ወደ ከተማ ተመልሻለሁ።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በፈረንሳይኛ ልብ ወለድ ጽፎ የታወቀ ደራሲ ነበረ፤ ሆኖም ሕዝቡ የማያነበውን መጽሐፍ መጻፍ አላረካው ብሎ ወደ ሲኒማ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 «ማንዳቢ»ን በወሎፍ ቋንቋ ሠራ። ፊልሞቹንም ይዞ ከመንደር መንደር እየዞረ አሳየ። በቅርቡም ጄሲካ በሺር «ፋያ ዳዪ» የተባለውን በሐረር አካባቢ ስለ ጫት የሚናገር ጥቁርና ነጭ ፊልሟን አብዛኛውን በኦሮምኛ ሠርታ በዓለም መድረክ ላይ አቁማለች። አውንጊ በትምህርት ቤት ሕፃናት የሚማሩበት፣ በራዲዮ የሚነገር ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን ሰው በአውንጊ ሲያፈቅር፣ ሲጣላ፣ ሲዋሽ በሸራ ላይ አይቼ አላውቅም። ከበሮና እስክስታ ሲሆን አለን፤ ወሬ ሲሆን የለንም። «ማን ያየዋል?» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊታቸውን አዞሩበት፤ እርሱ ግን አዳራሽ እየተከራየ፣ ጥቁሩን ማኅበረሰብ ከተማ በከተማ እያስተባበረ ራሱ አሳየው፤ አዳራሹም ለሳምንታት ሞላ። በአውንጊ የተሠራ ፊልም በአማርኛ ጽሑፍ ታጅቦ በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በቻግኒ በገበያ ቀን ቢታይ ሰው አይመጣም የሚል ካለ ገበያችንን አያውቀውም። በዚህም ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ቋንቋው ብቻውን አያድነንም። በአውንጊ የሚናገር ድሮንም ድሮን ነው።

ወዲህ ከሩቅ የሚመጣው ወሬ ደስ ያሰኛል፤ ያስቆጫልም። «ድፍረት» በጥር 2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የተመልካቾች ሽልማት አገኘ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2007 ዓ.ም. በካን የፊልም በዓል ለኦፊሴል ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ፤ ስለ አንድ ልጅና ስለ በጉ ነው። «ቁራኛዬ» ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ወደ ዳኛ የሚሄዱበትን የጥንት ሥርዓት አነሣ። የኃይሌ «ጤዛ» ደግሞ በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ ትልቁን የአፍሪካ ሽልማት ወሰደ። ከእነዚህ ከአራቱ ሁለቱን ያየ ተማሪ በዶርሜ ውስጥ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። የኮሪያውን ተዋናይ ስም ግን ስድስቱም ያውቁታል፤ እኔም ጭምር።

ስለዚህ የምለው ትንሽና ተግባራዊ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ማታ አንድ ፊልም እንይ፤ አንዱ የአገራችን ከሆነ ቀጣዩ የሌላ አገር ይሁን፤ የሕንድም ቢሆን ግድ የለኝም፤ የሕንድ ፊልም እንዴት እንደሚያስለቅስ ማወቅ ራሱ ትምህርት ነው። በየአርባ ደቂቃው መብራት ይብራ። ከክርክሩ አንድ ገጽ ተጽፎ በዚህ መጽሔት ይውጣ፤ ወረቀቱ ስስ፣ ቀለሙ ደብዛዛ ቢሆንም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የፊልም ታሪክ የሚያውቅ መምህር ካለ ይምጣልን፤ ንግግር ለማድረግ ሳይሆን ከእኛ ጋር ለመቀመጥ።

ሁለተኛው ነገር የሚመጣው ጥር 23 ነው። አሥር ተማሪ አሥር ስልክ ይዞ በሜዳው ይበተን። ድሮን ያለው ድሮኑን ቤት ይተው። እያንዳንዱ አንድ ፈረሰኛ ይምረጥ፤ ከዋዜማው ጀምሮ ቤቱ ይደር፤ ፈረሱ ሲታጠብና ሲሸለም፣ ሚስቲቱ ጠላ ስትጠምቅ፣ ልጁ ሣር ሲያመጣ ይመልከት፤ ከዚያም ጎን ለጎን እየተጓዘ ሜዳው ድረስ ይምጣ። ፈረሰኛው በሚናገርበት ቋንቋ ይጠይቀው። የሰውየውን ስም፣ የፈረሱንም ስም ይጻፍ። ዘፈን አይጨመርበት። ከአሥሩ ስምንቱ የሚንቀጠቀጥና የጨለመ ሊሆን ይችላል፤ የቀሩትን ሁለቱን ግን ለአጎቴ ላሳያቸው እፈልጋለሁ።

ለመጀመሪያው ሐሙስ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እንደገና እናሳያለን፤ በዚህ ጊዜ እየቆምን። የቋሪቱ ልጅ እንደሚመጣ ቃል ገብቷል፤ ከባለርስቱ በኋላ ያለውን ክፍል ራሱ ማየት ይፈልጋል። የእንጅባራን ብርድ የምታውቁት ናችሁና ጋቢ ይዛችሁ ኑ፤ ወንበር ስለሌለን ትራስም ያላችሁ አምጡ።